እጀታው ላይ የነበረው እጅ

እናኑ የገዛ ልቅሶዋ ደጇ ድረስ ሲመጣባት የሐጅ አደምን ጀላቢያ እየተኮሰች ነበር። ማለዳ ነው፤ የገዳሪፍ ፀሐይ ግን ማለዳ ነው ብላ ለሰው የምታዝን አይደለችምና ጥላው ሥር እንኳ ከወዲሁ መንደድ ጀምሯል። ጥላው አራት ባላ ተተክሎ የማሽላ አገዳ የተጣለበት ዳስ ነው፤ እዚያ አገር ረኩባ ይሉታል፤ የእናኑ የሥራ ቤትም፣ የእንግዳ መቀበያም፣ ሁሉ ነገሯ እሱ ነው። ሁለት የጣውላ ሳጥን ገጥማ፣ አሮጌ ብርድ ልብስ አንጥፋበት፣ ውሃ በአፏ ቋጥራ ጨርቁ ላይ እፍፍ እያለች ያንን ከባድ የከሰል ካውያ ስትገፋ ትውላለች። በዚያ ጠዋትም ጉንጯ ውሃ እንደሞላ ከአጥሩ ውጭ የሴት ሙሾ ሰማች። እናኑዬ፣ የኔ ደግ፣ በረሃ ላይ ወድቀሽ ቀረሽ ይላል ሙሾው። ሌላ እናኑ መሰለቻት። እናኑ የሚባል ሰው ብርቅ አይደለም፤ በዚያ በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ደግሞ ልቅሶም ብርቅ አልነበረም።

አልቃሿ ውባየሁ ነበረች። የጭልጋ ልጅ ናት፤ ከእናኑ ጋር ካንድ ምንጭ የቀዱ፣ ካንድ ጫካ እንጨት የለቀሙ ናቸው፤ ድንበሩን ከተሻገሩ ወዲህ ግን አንዳቸው የሌላቸውን ዓይን አይተው አያውቁም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር በብብቷ ይዛ፣ አንገቷን እንደደፋች ረኩባውን አለፈችና በቀጥታ ወደ ክፍሉ በር ሄደች። "ላቀው፣ የኔ ልጅ፣ ወዴት ነህ፣ ምነው እንዲህ ብቻህን ቀረህ" እያለች በሩን ስትገፋ ከኋላዋ ካውያው ሳጥኑ ላይ ቋ ሲል ሰማችና ዞረች። ሟቿ ጉንጯን ነፍታ ቆማለች። እናኑ የምትተፋበት ቦታ ቢጠፋት የአፏን ውሃ ዋጠችው።

ውባየሁ አማተበች። ቀጥላ ጠጋ አለችና የእናኑን ክንድ እንደ ገበያ በግ ዳሰሰችው፤ ትኩስ ሥጋ መሆኑን ስታረጋግጥ መሬት ላይ ዘፍ ብላ ሳቅም ልቅሶም ባልሆነ ነገር ትንሰቀሰቅ ጀመር። የግቢው ባለቤት፣ የሐጅ አደም ሚስት ሓጃ ራሒማ፣ ድምፅ ሰምታ ከቤቷ በር ብቅ አለች፤ ለቀስተኛ ከመጣ ወጉን ለማድረስ ቶቧን፣ ያን ረጅም መጎናጸፊያዋን፣ እየተጠቀለለች ነበር። "ሚኑ ማት?" አለች። ማን ሞተ ማለቷ ነው።

"ማፊ፣ ሓጃ። ማንም የለም" አለቻት እናኑ።

"እኔ ምን አውቄ" አለች ውባየሁ በመጨረሻ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። "ከኸዋጆቹ፣ ከፈረንጆቹ ቢሮ እኮ እጠርጋለሁ። ልጆቹ የሳሉትን ሥዕል አዳራሹ ውስጥ ሰቅለውት፣ ገብረ ሥላሴ አስተርጓሚው ለሐበሻ እንግዶች በአማርኛ እያነበበ ሲያስረዳ ነው የሰማሁት። ያንቺው ላቀው፣ እህቱ እናኑ ከጭልጋ ስትመጣ በረሃብ መንገድ ላይ ቀረች ብሎ አጽፎበታል። ትናንት ማታ እንባዬን ሳፈስ አደርኩ። በቁም ሞተሽ ዕድሜሽ ሊረዝም ነው መሰለኝ።"

እናኑ አላመነችም። ውባየሁ ድሮም ወሬ ስታመጣ ግማሹን ከቤቷ ጨምራበት ነው የምትመጣው። ላቀው የሚባል ልጅ በገዳሪፍ ስንት አለ፣ እህት የሞተችበትማ ከዚያም ይበዛል። "ሌላ ላቀው ነው የሚሆን" አለች፣ ጀላቢያውንም አገላብጣ ልትቀጥል ካውያውን አነሣች። ውባየሁ ግን ዓይኗን ካውያው ላይ ተክላ ቀረች። "ይኸን ነው የሳለው" አለች ቀስ ብላ። "ይኸንኑ ራሱን። የክዳኑ ዶሮ ከነጭራዋ ስብራት ሳትቀር።"

ውባየሁ ቀልጣፋ ሴት ናት፤ የገባችበትን ነገር አወቀችና ለመሄድ ተነሣች። በስኳሩ ግን ተቸገረች፤ ለልቅሶ ያመጡት ነገር ሟቹ ሲገኝ ይተዋል ወይስ ይመለሳል፣ ማንም ያስተማራት የለም። ሳጥኑ ላይ አስቀመጠችው፣ እንደገና አነሣችው፣ በመጨረሻም በብብቷ መልሳ ወጣች። ስኳር በዚያ ሰሞን እንኳን ለሕያው ለሙትም አልተገኘ፤ አይፈረድባትም።

ካውያው የእናታቸው ነው። ጎንደር ከተማ ለጣልያን መኮንኖች ልብስ ታጥብ በነበረ ጊዜ ያገኘችው ነው ይባላል። ብረቱ ጠቁሯል፣ እጀታው ተሰንጥቆ እናኑ በጠፍር አስራዋለች፣ ክዳኑን የምትቆልፈው ዶሮ ቅርጽ ያላት ብረትም ጭራዋ ተሰብሯል። ከአገር ሲወጡ ጎረቤቱ ሁሉ ስቆባት ነበር። ሰው ድስቱንና ወፍጮውን ጥሎ ሲሄድ እሷ ብረት ተሸክማ ስትወጣ፣ እዚያ ማን ልብስ ያስተኩስሻል አሏት። እናኑ ግን እዚያ አገር ጀላቢያ እንደሚለበስ፣ ጀላቢያም ካልተተኮሰ እንደማይከበር ገምታ ነበር፤ ግምቷም አላሳፈራት። አምና ላቀው በባሱንዳ የሰሊጥ እርሻ ሥራ አገኛለሁ ብሎ ሄዶ፣ ዝናቡ ቀርቶ፣ ባዶ እጁን ወባ ይዞት ሲመለስ ያስታመመው ይኸው ብረት ነው።

የጀመረችውን ጀላቢያ በግማሹ አጥፋ ተወችውና ወጣች። የእናኑ ቤት ካለበት ሰፈር እስከ ኸዋጆቹ ግቢ መንገዱ ጥቁር አፈር ነው፤ በክረምት ጭቃው ጫማ ያስቀራል፣ በበጋ ደግሞ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይሆናል። ያ ትልቁ የእህል ጎተራ ከከተማው በላይ ተገትሯል፤ ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ ማንም አያውቅም፤ የዱራው፣ የማሽላው ዋጋ ግን ሰኞ የጠየቁት ሐሙስ አይገኝም፣ ከሰልም ተከትሎት ሄዷል። በየጥላው ሥር ከሎሪ የወረደ ሰው ተኝቷል፤ የጎንደር ሰው፣ የትግራይ ሰው፣ የወሎም ሰው፤ ተኝቶ ይሁን ሌላ ነገር ሆኖ አላፊው ቆም ብሎ አይጠይቅም። እናኑ እንዲህ ባለው መንገድ ስትሄድ ሌላ ጊዜ ከንፈሯን ትመጥጥ ነበር። ዛሬ ግን ለማንም የሚሆን አዘኔታ አልተረፋትም፤ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትለምነው፣ ውባየሁ ተሳስታ እንድትሆን።

ሥዕሉ ሲሳል እሷ ነበረች። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ ላቀው ከኸዋጆቹ አንዷ የምታስተምረውን የሥዕል ትምህርት ከጀመረ ወር ገደማ ይሆናል። ከቤታችሁ አንድ የቆየ ዕቃ ምረጡና እንዳለ ሳሉ ተባልን አላት። እንዳለ ማለት ምን ማለት እንደሆነም አስረድቷታል፤ አይጨመርበትም፣ አይቀነስለትም፣ ዓይን ያየውን እጅ ይከተላል። ከዚያ ካውያውን መረጠ። "እታለም፣ እጅሽን እጀታው ላይ አድርጊና አትነቃነቂ" ይላታል፤ እሷም ከሰሉን በከንቱ እያነደደች፣ የሰው ልብስ ተቆልሎ እያየች፣ ሓጃ ራሒማም የባለቤቴ ጀላቢያ የት ደረሰ እያለች እየተቆጣች፣ ስንቱን ከሰዓት በኋላ ክንዷ እስኪደነዝዝ ቆማለታለች። ተሰልፋ ዱራ ከምትቀበልበት ቀንም አንዱ በዚያ ምክንያት አምልጧታል። ልጁ ተምሮ ሰው ይሁን እንጂ ይኸ ምን አላት። ጣቶቿ ወረቀቱ ላይ ብቅ ሲሉ አይታ እንደ ልጃገረድ አፍራ ነበር፤ በአውራ ጣቷ ላይ ያለችውን የእሳት ጠባሳ እንኳ አልዘነጋትም።

በሩ ላይ ያለውን ዘበኛ የኸዋጃ ልብስ ላመጣ ነው ብላ አለፈችው። አዳራሹ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ሥዕሎቹ ግድግዳው ላይ በተወጠረ ሲባጎ ተሰቅለዋል። ሌሎቹ ልጆች ዛፍ ስለዋል፣ ሎሪ ስለዋል፣ እህል የሚጥል አውሮፕላን ስለዋል። የላቀው መሐል ላይ ነው፤ ካውያ፣ ካውያም ብቻ። እናኑ ማንበብ አታውቅም፤ ካውያዋን ግን ታውቃለች። በጎኑ ቀዳዳዎች በኩል የፍሙ ብርሃን ይታያል፣ ከሥሩ የፈሰሰችው ቁንጥር አመድ ሳጥኑ ላይ ተበትናለች፣ የብረቱ ዝገት ሳይቀር ቢነኩት ጣት የሚያቆሽሽ ይመስላል። በእርሳስ ብቻ ይኸን ሁሉ ማድረጉ ያስገርማል፤ አንዲት ቅጽበት፣ ምን ይደረግ፣ የኔ ወንድም ብላ ኮራች። ከዚያ እጀታውን አየች። ጠፍሩ አለ። እጁ የለም።

ጠጋ አለች። እጀታው ላይና ከእጀታው በላይ ወረቀቱ ሳስቷል፣ በላጲስ ተፍቆ ተፍቆ ሊቀደድ ምንም አልቀረውም፤ ላቀው ከፋቀው በኋላ ጠፍሩን እንደገና በላዩ ስሎበታል። በጎን ሆና በመስኮቱ ብርሃን ስታየው ግን የአራት ጣት ጥላ አሁንም ደብዝዞ ይታያል። ሰው ከፈለገው ብቻ ነው የሚያየው። እናኑ የራሷን እጅ አንሥታ ከጥላው ጎን ያዘችው፤ ልክ ነው። ስም ሌላ ሰው ሊኖረው ይችላል፤ ይኸ የተፋቀ እጅ ግን የሌላ እናኑ እጅ አይደለም።

ገብረ ሥላሴ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከማዶ ጠረጴዛ ተቀምጧል። ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ አማርኛው ትግርኛ ትግርኛ የሚል፣ ደግ ፊት ያለው ሰው ነው።

"አንቱ ጌታዬ፣ ይኸ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ምን ይላል?" አለችው።

"እኔ ነኝ የጻፍኩት" አለና ደስ እያለው ተነሥቶ መጣ። "ልጁ እየነገረኝ በእንግሊዝኛ አሰፈርኩለት። ስሚ እንግዲህ። 'እህቴ እናኑ ከአገራችን ስንወጣ ይህን ካውያ አዝላ ነበር። ጓንግ ወንዝ ስንደርስ በረሃብ ሞተች። በእጄ ቀበርኳት። በዚህ ዓለም ላይ የቀረኝ ይህ ካውያ ብቻ ነው።' እንዲህ ይላል። ያነበቡት ሁሉ አልቅሰዋል።"

"ጓንግ ወንዝ ዳር።"

"አዎ፣ መተማን ልታልፊ ስትይ ያለው። ታውቂዋለሽ?"

ታውቀዋለች። እዚያ ወንዝ ዳር ላቀው ትኩሳት ጥሎት አልነሣም ብሎ፣ ጥለሽኝ ሂጂ እያለ፣ እሷ ካውያውን በጭንቅላቷ፣ እሱን በትከሻዋ አድርጋ በወገብ ውሃ ተሻግራለች። ስንቅ የነበረውን የጥሬ ከረጢት የጣለችው እሱን ለመያዝ እጅ ቢያጥራት ነው። ይኸን ሁሉ ልትነግረው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ገብረ ሥላሴ ግን እንድትናገር ፋታ አልሰጣትም፤ ስለ ልጁ ዕድል እያወጋላት ነው። ኸዋጃዋ አገሯ ልትወስደው ጉዳዩን ጨርሳለታለች፣ ትምህርት ቤት ይገባል፣ የሚቀበሉት ግን ዘመድ የሌላቸውን ብቻ ነው፣ አንድ ሰው እንኳ ያለው አይሄድም፣ እሱ ብቸኛ በመሆኑ ተረፈ አላት። "እግዜር አንዱን በር ሲዘጋበት ሌላውን ከፈተለት። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ካውያውን ልናይ ቤቱ እንሄዳለን" ብሎ ሲጨርስ እናኑ አመስግናው ወጣች። ምን ብላ እንዳመሰገነችው ራሷም አታውቅም።

ቤቷ ስትደርስ ላቀው ደርሶ ነበር። ፊቱን ታጥቧል፣ ጠጉሩን አበጥሯል፣ ያን ሳምንት እሷው የተኮሰችለትን ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ገና ሲያያት ማወቋን አወቀ፤ ውባየሁ መምጣቷን ሓጃ ራሒማ ነግራው ይሆናል። እሷም ገብታ ከሰል አወጣች፣ ካውያውን ሞላች፣ ወጥታ በአየር ላይ እያወዛወዘች ፍሙን አቀጣጠለች፣ ያቋረጠችውን ጀላቢያ ዘረጋች። እሱ ሳጥኑ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የእጁን ጥፍር ያያል። በዚያች ክፍል ሁለት ዓመት አብረው ሲኖሩ ዝም ብለው የሚውሉባቸው ቀኖች ብዙ ነበሩ፤ ሰው ሲደክመው ዝም ይላል፣ ሲርበውም ዝም ይላል፤ እንዲህ ያለው ዝምታ ግን ከመሐላቸው ገብቶ አያውቅም።

"የወረቀት ነገር ነው፣ እታለም" አለ በመጨረሻ። "ወረቀት ላይ ነው የሞትሽ።"

"ውባየሁ ግን የወረቀት እንባ አልነበረም ያፈሰሰችው።"

"ዘመድ ያለው አይሄድም። ሌሎቹም እንዲህ ነው ያደረጉት። ልጠይቅሽ ስንት ቀን አስቤ አፌ እንቢ አለኝ። እዚያ ልድረስና እወስድሻለሁ።"

"ሙትን በምን ትወስዳለህ?"

ላቀው እስከዚያ ድረስ አላሰበውም ነበር፤ ፊቱ ላይ ይታያል። እናኑን ያቃጠላትም ይኸው ነው። ቆርጦ አስቦበት ጨክኖባት ቢሆን ኖሮ ክፉ ነው ብላ ትጠላው ነበር። እሱ ግን እህቱን ሲቀብር ነገ የት እንደሚያገኛት እንኳ አላሰበም፤ ጋቢ እንደከበደው ሰው ከትከሻው አውልቆ ነው የጣላት።

"ጠይቀኸኝ ቢሆን እሺ እልህ ነበር" አለችው፤ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። "አንተ ሂድልኝ እንጂ ሞታለች በል፣ ራሴ እልህ ነበር። መሞቱ አይደለም የከፋኝ። ሳትነግረኝ መቅበርህ ነው። እጄስ ምን አደረገህ? አይቀነስም አላልከኝም?"

"የማን እጅ ነው ይሉኛላ። አንቺ ጓንግ ላይ ሞተሽ፣ ሥዕሉ የተሳለው ገዳሪፍ ነው። የሙት እጅ እንዴት ይሆናል ቢሉኝ ምን እላለሁ?" አለና ድንገት ተንበረከከ፤ ጉልበቷን ያዘ። "አሁን ይመጣሉ። ጎረቤት ነኝ በይልኝ። ካውያውን በአደራ ያስቀመጥኩለት ነኝ በይልኝ። ይኸን ብቻ።"

የላንድሮቨር ድምፅ ከአጥሩ ውጭ ተሰማና ብድግ ብሎ የሱሪውን ጉልበት አራገፈ።

ኸዋጃዋ ረጅም፣ ፀሐይ የለበለባት፣ ዓይኗ ሥር የደከመ ሴት ናት። ክፉ ሰው አይደለችም፤ በየመጠለያው ሕፃናት በእጇ ላይ የሞቱባት ሰው ናት፤ ያንን ሁሉ አይታ አንድ ልጅ አድኜ ልሂድ ብላ የተነሣች ይመስላል። ገብረ ሥላሴ ከኋላዋ ወረደ። እናኑን ሲያይ ቆም አለ፤ ጠዋት ያነበበላት ሴት ምን ልትሠራ እዚህ እንደተገኘች ግራ ገባው። ላቀው በፍጥነት ከመሐል ገባ።

"እኚህ ጎረቤቴ ናቸው። ሥራቸው መተኮስ ስለሆነ ካውያውን እሳቸው ዘንድ ነው ያኖርኩት" አለ። ወደ እሷም ዞሮ "እርስዎ፣ ካውያውን ላሳያቸው?" አላት።

እርስዎ አላት። ዳዴ ሲል ጀምሮ አንቺ ያላት፣ ሲያጠፋ አንቺ፣ ሲያለቅስ አንቺ፣ ውሃ ሲሻገር አንቺ እያለ አንገቷን ያነቀ ልጅ ነው። በአማርኛ እንዲህ ሰውን ከፍ አድርጎ ከደጅ ማስወጣት እንደሚቻል እናኑ በዕድሜዋ የዚያን ቀን አየች። ካውያውን ሳጥኑ ላይ አቆመችው። ኸዋጃዋ ጎንበስ ብላ ዶሮዋን፣ ጠፍሩን፣ ጎኑ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ አየች፤ ሥዕሉን በልቧ ይዛው ስለመጣች እያመሳከረች ነው፤ እያንዳንዱ ልክ ሲሆንላት ራሷን ትነቀንቃለች። ከዚያ ለገብረ ሥላሴ ብዙ ነገር ተናገረች።

"ካርቱም ሥዕሉን ለትልልቅ ሰዎች ያሳያሉ፤ ካውያውም ከጎኑ እንዲቀመጥ ትፈልጋለች" አለ ገብረ ሥላሴ። "ደግሞ ትጠይቅሻለች። ሟቿን፣ እህቱን፣ ታውቂያት ነበር ወይ?"

"አውቃታለሁ" አለች እናኑ።

"እንዴት ነበር የሞተችው?"

ላቀው መሬት መሬት ያያል። እናኑ አንድ ነገር ስትጠብቅ ቆየች። ቀና ብሎ እታለም ቢላት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢላት፣ ለኸዋጃዋ የፈለገውን ሁሉ ልትዋሽለት ነበር። በረሃብ ሞተች፣ እኔ ራሴ መቃብሯን አይቻለሁ ትል ነበር። እሱ ግን አንገቱን አላቀናም።

"ረሃብ አልገደላትም በላት" አለች። "ጓንግንም በእግሯ ተሻግራለች፣ እሱን ተሸክማ። እስከ ዛሬ ጠዋት ደህና ነበረች። ወንድሟ ነው የገደላት። እኔ ነኝ እናኑ በላት።"

ገብረ ሥላሴ ላቀውን አየ፤ ነጩን ሸሚዝ፣ የሳሳውን አንገት አየ። እናኑንም አየ፤ ዓይኑ ይቅር በይኝ የሚል ይመስል ነበር። ከዚያ ወደ ኸዋጃዋ ዞሮ በለሰለሰ ድምፅ ረዘም አድርጎ ተናገረ። እናኑ እንግሊዝኛ አታውቅም። የሰው ፊት ግን ታውቃለች፤ የተዋሸ ሰው ሲነቃ ፊቱ እንደዚያ አይሆንም። የኸዋጃዋ ዓይን እንባ ሞላ፣ እጇን ዘርግታም ላቀውን ከትከሻው ሳብ አድርጋ ወደ ራሷ አስጠጋችው። የተባለው አልተባለም፤ እናኑ የተናገረችው ቃል ከገብረ ሥላሴ ጆሮ አልፎ የትም አልደረሰም። ሦስቱ ሰምተውት አንዷ ሳትሰማው ቀረ፤ መስማት የነበረባትም እሷ ነበረች።

ላቀው ካውያውን ሊያነሣ ጠጋ አለ። እጁ ሲዘረጋ እናኑ ሳታስበው "ይፋጃል" ብላ ቀደመችው። ዶሮዋን ገፋ አድርጋ ክዳኑን ከፈተች፣ ወደ አጥሩ ወሰደችውና ፍሙን ሁሉ አፈሩ ላይ ደፋችው፤ ያ ውድ ከሰል ጭሶ ጭሶ ጠቆረ። ውሃ ረጨችበት፣ ብረቱ ጮኸና ዝም አለ። በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችው። ክብደቱን ስለሚያውቀው በሁለት እጁ ተቀበላት፤ አሁንም ቀና ብሎ አላያትም፤ ተሸክሞት ወደ መኪናው ሄደ። የሐጅ አደም ጀላቢያ አንዱ እጅጌው ተተኩሶ አንዱ ተጨማዶ ሳጥኑ ላይ ተዘርግቶ ቀረ። ነገ በምን ትጨርሰዋለች፣ ከነገ ወዲያስ ምን ትበላለች፣ ከሦስቱ አንዱም አልጠየቃትም።

ገብረ ሥላሴም አንገቱን ደፍቶ ተከተለ። ኸዋጃዋ ግን መንገድ ጀምራ ተመለሰች። ይህች ልብስ ተኳሽ ጎረቤት ለሟቿ ማዘኗ ልቧን ነክቶት ይሆናል፤ መጥታ የእናኑን እጅ በሁለት እጇ ያዘች፤ እጀታ ሲይዝ የኖረውን፣ ጠባሳ ያለበትን እጅ። ከአማርኛ የምታውቀው ጥቂት ነው። መጠለያ ውስጥ ከዚያ በላይ የሚደጋገም ቃል ስላልነበረ ግን አንዱን አሳምራ ተምራዋለች፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ቃሉን ሳታሰናክል፣ "ነፍስ ይማር" አለቻት።

የመኪናው ሞተር ተነሥቷል። ላቀው ካውያውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በመስኮቱ በኩል ወደ ፊት ያያል። ነፍስ ይማር ለተባለ ሰው ደግሞ መልሱ የታወቀ ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ በየልቅሶ ቤቱ አፍ የለመደው ነው፤ ዝም አይባልም። እናኑ አልናገርም ብላ ጥርሷን ነክሳ ነበር፤ አፏ ግን ቀደማት።

"ያኑርሽ" አለቻት።